ለሠላሳ ሰው የተገኘ ሥራ

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ የብርጓል በማለዳ ማጭዷን ይዛ ጣሊያን ከጉንደ ወይን በታች ወደሚያሠራው መንገድ ወረደች። ጤፏ ደርሷል፤ ሰማዩ ያለጊዜው ደመና ቋጥሯል። ዛሬ ካልታጨደ የዓመት ቀለቧ መሬት ላይ ረግፎ ይቀራል።

ባሏ ከሞተ ወዲህ የምታርስም የምታጭድም በወንፈል ነው። በሰኔ በሬዎቿ የስድስት ጎረቤት ማሳ አርሰዋል፤ ስድስቱም በአጨዳ ቀን ሊመልሱላት ቃል ገብተው ነበር። የእሷ መሬት ዘግይቶ ያደርሳልና የመጨረሻውን ተራ ራሷ መረጠች። ተራዋ ሲደርስ ስድስቱም መንገድ ሥራ ገብተዋል። በሬው የሞተበትና በእሷ በሬዎች ያረሰው የወንፈሉ አባት ፈንታ እንኳ ካፖ፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ሆኗል።

«እትየ፣ ተመለሽ! ባለጠመንጃውን አታዪም?» አላት።

«ቀኔን ስጠኝና እመለሳለሁ።»

«መንግሥት ለሠላሳ ሰው ሥራ ቢሰጥ ምን በደለሽ?»

«ሥራ ፈት ነበሩ? ከእኔ ማሳ ነጥቆ አይደለም የሰጣቸው?» ከስድስቱ አንዱ ወደሆነው፣ ድንጋይ ወደተሸከመው ባዘዘው ዞረች። «አንተ፣ ይህ ድንጋይ ወዴት ነው?»

«ወደ ማዶ።»

«ትናንትስ የት ነበር?»

ባዘዘው አቀረቀረ። «ማዶ።»

ከኋላ አንዱ ሳቁን በእጁ አፈነ። ለመንገዱ ድልድይ የታዘዘው ብረት ሳይመጣ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ የሚሠራ የለም፤ የመንገዱ ሹም ግን ሠላሳ ሰው ሥራ ይዟል ብሎ ወደ ደብረ ማርቆስ ጽፏል፤ ቁጥሩ አይጎድልም። ሠላሳ ብሎ የጻፈ እጅ፣ ስንት አዝመራ ሰው አጥቶ እንደረገፈ ይጽፍ ዘንድ ማን ያስገድደው!

«የሚሰጧችሁን ወረቀት የቁይ ገበያ እህል ሻጭ አይቀበልም፤ ጠገራ ብር ነው የሚለው» አለች። «ጤፍ ሲጠፋ ወረቀቱን ትጋግራላችሁ?»

ጣሊያኑ ወታደር ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። ጠመንጃውን አቀባብሎ ደረቷ ላይ ደገነ። የብርጓል አልተነቃነቀችም። ከወደ ደብረ ወርቅ ነጎደ።

ፈንታ ደመናውን አየ። ከዚያ በድንገት ወደኋላ ሸሸና ጮኸ፦

«ቲፎ! ቲፎ!» እሷን አሳየ፤ አምስቱን ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ እየጠቆመ ከእሷ ገበታ እንደበሉ በምልክት አስረዳ።

ቲፎ በጣሊያንኛ ተስቦ ነው፤ ወታደሩ ከሽፍታ ይልቅ ይፈራዋል። አፍንጫውን ሸፍኖ አምስቱንም ከእሷ ጋር በአፈሙዝ አባረረ። ቀጥሎ ፈንታን ጠራና በጣቱ ድንጋዩን አሳየው። የአምስቱን ሸክም እሱ ሊሸከም ነው።

ዝናቡ የጣለው አመሻሽ ላይ፣ አምስቱ ያጨዱት የመጨረሻው ነዶ ተከምሮ ክዳን ከለበሰ በኋላ ነው።

«የፈንታ ቀን ግን ቀረብሽ» አላት ባዘዘው።

የብርጓል ከክምሩ ሥር ሆና ቁልቁል አየች። ፈንታ በዝናብ ርሶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ መንገዱን ያቋርጣል።

«ከፍሏል» አለች።

ፈንታ ማዶ ደርሶ ድንጋዩን አወረደ። ሲመለስ ሌላ ተሸክሞ ነበር።