የሀብተ ሥላሴ ሞክሼ

ሰኞ ሰኔ 6 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አንዳርጋቸው ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ባለው ቤቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ። ቀና ግን አላለም። ባለ ዱቄት ፋብሪካ ነበር። ከቆጋ መስኖ ስንዴና ድንች የሚጭኑ መኪናዎች፣ ጣናን አቋርጠው ቁንዝላ ደርሰው የሚመለሱ ጀልባዎች ነበሩት። ጫማው ግን ሶሉ ሁለቴ የተቀየረ ስለነበር ድንኳኑ ሳይተከል ቀልዱ ቀድሞ ደረሰ፤ "አዲስ መግዛት ሲገባው ካሮጌው ጋር ሲታገል ሞተ" ተባለ።

ሰፈሩ "አንዳርጋቸው ቋጠሮ" ነበር የሚለው። ለትምህርት ቤት አጥር መዋጮ ሲጠየቅ ከሁሉም ያነሰውን ይሰጥና ደረሰኝ ይጠይቃል። ሠርግ ቤት አንዱን አምቦ ውሃ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ይካፈላል። ሚስቱ ወለላ በየወሩ የማርያም ጽዋ ላይ የማትሰማው ነገር አልነበረም።

"እንደው ወለላዬ፣" ትላታለች ጎረቤቷ የሺመቤት፣ "ጋሼ አንዳርጋቸው ፀሐይ እንኳ የሚሞቀው በአንድ ጎኑ ነው አሉ። ሌላውን ለነገ እያስቀመጠ።"

ሴቶቹ ይስቃሉ። ወለላም አብራ ትስቃለች። ምን ታድርግ፣ ባሏ እንዳትናገር አስምሏታል።

ቁንዝላ ያለውን የማዋለጃ ክፍል ያሠራው እሱ ነበር። የኩላሊት እጥበት መክፈያ ያጡትን ያሳከመው፣ አባት የሞተባቸውን ልጆች ያስተማረው እሱ ነበር። ገንዘቡ ሁሉ የሚሄደው በንስሐ አባቱ በቄስ ጥዑመ ልሳን እጅ ነው። ቄሱ "ከማን ነው?" ሲባሉ "ከሀብተ ሥላሴ። በጸሎት አስቡት" ብለው ያልፋሉ። ሀብተ ሥላሴ የአንዳርጋቸው የክርስትና ስም ነው፤ ከሚስቱና ከቄሱ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

"ሰው በአንዳርጋቸው ይወቀኝ፣ እግዜር በሀብተ ሥላሴ" ይል ነበር። "ሁለቱን ሒሳብ አላቀላቅልም።"

እሁድ እሁድ ወለላን ይዞ ጣና ዳር ይቀመጣል። ሌላው ሰው ጀልባ ሲመጣ ደስ ይለዋል፤ እሱ ደስ የሚለው ሳይመጣ ሲቀር ነው። "አየሽ፣ ዛሬም ከቁንዝላ ምጥ የያዛት ሴት የጫነ ጀልባ የለም" ይላታል። ሰዉ ደግሞ ባልና ሚስቱን ባየ ቁጥር "ሐይቁ አያስከፍልማ" ይላል።

ችግሩ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ሌላ ሀብተ ሥላሴ መኖሩ ነው። አቶ ሀብተ ሥላሴ ከአንድ ፋብሪካ መጋዘን ጡረታ የወጡ፣ ጢማቸው ያማረ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። አንዲት አራስ ከቁንዝላ መጥታ እግራቸው ላይ ስትወድቅ "ኧረ እኔ አይደለሁም፣ ልጄ" አሉ። ከተማው "ትሕትናቸውን አያችሁ?" አለ። ሌላ ጊዜ በመስቀል ማሉ። "ጭራሽ ይምላሉ፤ ጽድቅ እንዲህ ነው" ተባለ። መካድ ሲደክማቸው ዝም አሉ፤ ዝም ሲሉ ነገሩ አለቀ። የባጃጅ ሾፌሮች አያስከፍሏቸውም። ሠርግ ላይ ከካህናቱ ቀጥለው ይቀመጣሉ።

አንዳርጋቸው ይህን ሲሰማ እንባው እስኪወርድ ይስቅ ነበር። "ተመስገን፣ ባለቤት ተገኘለት። እኔ ዐረፍሁ።" ወለላ ግን አትስቅም።

እንዲህ ሁሉን አስቀድሞ የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ረስቶ ሞተ። ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ነው።

አስከሬኑ እየተገነዘ ሳለ ቄስ ጥዑመ ልሳን ወለላን ወደ ጓዳ ጠሯት።

"ወለላ ልጄ፣ ካህናቱ ስሙን እየጠየቁኝ ነው። ምን ልበላቸው?"

"ስሙን ነዋ።"

"ስሞትም እንዳይታወቅ ብሎ አስምሎኛል።"

"እኔንም አስምሎኛል።"

"እንግዲህ 'ገብርከ' ብለን፣ ስሙን ዋጥ አድርገን ብናልፈውስ ብዬ ነበር።"

"አባቴ፣ 'አገልጋይህን' ብቻ ካላችሁት እግዜር የትኛውን ብሎ ይፈልገው? ዛሬ የሚቀበረው እሱ ብቻ ነው?"

"ሌላ ስም ብንሰጠውስ?"

"ጸሎቱ ለሌላ ሰው ደርሶ እሱ ባዶውን ይሂድ?"

ቄሱ መስቀላቸውን አገላበጡ።

"መሐላው በእኔ ይሁን" አለች ወለላ። "እኔ አልተናገርሁም፣ እርስዎም አልተናገሩም። የጠራችው ቤተ ክርስቲያን ናት።"

እውነቱን ለመናገር፣ ለነፍሱ ብቻ ብላ አልነበረም። ስንት ዓመት አብራ የሳቀችውን ሳቅ ከተማው አንድ ቀን እንዲያፍርበት ፈለገች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሬሳ ሳጥኑ ኋላ ስትሄድ፣ ከሐዘኗ መሐል አንድ ነገር ትጠብቅ ነበር፤ ስሙ ሲጠራ የየሺመቤትን ፊት ማየት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጠራ። "አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ ገብርከ ሀብተ ሥላሴ።" ካህኑ ድምፃቸው ትልቅ ስለሆነ ከደጀ ሰላሙ ውጭ የቆመው ሳይቀር ሰማ። ሰዉ ዘወር ዘወር አለ። ዘወር ያለው ግን ወደ ሳጥኑ ሳይሆን ፊት ቆመው ወደነበሩት ወደ አቶ ሀብተ ሥላሴ ነበር።

"ሞክሼ ናቸው ለካ" አለች የሺመቤት፣ ወለላ ትሰማለች ሳትል።

"ስም ምን ያደርጋል" አለች ሌላዋ። "ሥላሴ ሀብቱን ለአንዱ ሰጡ፣ ቋጠሮውን ለአንዱ።"

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ነገሩ የገባቸው አቶ ሀብተ ሥላሴ ብቻ ነበሩ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ወለላ አጠገብ መጥተው ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ወይዘሮ ወለላ፣ እሳቸው ነበሩ?"

ወለላ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች።

"ስንት ምርቃት በላሁ። ልጆቼን የዳርሁት በዚያ ስም ነው።" ወደ ሰዉ ዘወር አሉ። "ተነሥቼ ልናገር? እርስዎ ካሉኝ እናገራለሁ።"

ወለላ መሐላውን አሰበች። ከዚያ የሺመቤትን አየቻት፤ ንፍሮ እያደለች ነበር።

"ይናገሩ" አለች።

ሰውየው ተነሡ። "ወገኖቼ፣ ስትመርቁኝ ከኖራችሁበት ሥራ አንዱም የእኔ አይደለም። ሁሉም ዛሬ የቀበርናቸው የአቶ አንዳርጋቸው ነው። ሀብተ ሥላሴ እሳቸው ነበሩ።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ቆየት ብሎ አንድ ሽማግሌ ማልቀስ ጀመሩ፤ ሴቶቹም ተከተሉ። የሺመቤት እንባዋን እየጠረገች ወደ ወለላ ጆሮ ጠጋ አለች።

"አየሽ ወለላዬ፣ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይመጣል? ለቅሶሽ እንዳይቀዘቅዝብሽ ብለው የራሳቸውን ጽድቅ ለባልሽ ሸለሙት።"

ቄስ ጥዑመ ልሳን ከጥግ ብድግ አሉ። "የተናገሩት እውነት ነው።"

"እንዴታ አባታችን" አሉ ሽማግሌው በእንባቸው መሐል። "እሳቸው መቼ ውሸት ያውቃሉ።"

ወለላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሴቶቹ "ተዉአት፣ ይውጣላት" አሉ። ማልቀሷ ይሁን መሳቋ ለራሷም አልለየላትም።

በተከታዩ መጋቢት የሰፈሩ እድር አዲስ ያሠራውን አዳራሽ በሀብተ ሥላሴ ስም ሰየመው። ኮሚቴው የአባት ስም ሲጠይቃቸው አቶ ሀብተ ሥላሴ አልሰጥም ስላሉ፣ በሩ ላይ የተጻፈው ስሙ ብቻ ነው።