ያልተሰበረው ምንሽር

የወንድ ወሬ ጫት ሞቅ ሲያደርገው ጠመንጃ ላይ ካላረፈ አይጥምም። ጭሮም ይሁን መሰላ፣ ያው ነው። የዚያን ዕለት ዓርብ ከሰዓት በኩብራ ቤት በርጫ የተቀመጡት ወንዶችም "እስከ ዛሬ ከያዝከው ጠመንጃ የቱን ትወዳለህ?" እየተባባሉ ተራ ይዘው ነበር። ጋባዡ ልጇ ቡርሃን ነው። እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ሻዩን ፔርሙስ ውስጥ እየሞላች ትሰማለች፤ መጀመሪያ ላይ ሳቋም መጥቶ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሚስቶቻቸውን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ቢያሞግሱ ምን ነበረበት!

ሽማግሌው ሐጂ መህዲ በጎረምሳነታቸው የሸጡትን አልቤን አነሱ። "ወላሂ፣ እሱን የሸጥኩ ለታ ምግብ አልበላልኝ አለ" አሉ። ከመሰላ የመጣው እንግዳ ክላሹን አወደሰ። ተራው ፋሩቅ ጋ ደረሰ።

"የኔ ፍቅርማ እጄ ላይ የለም" አለ ፋሩቅ፣ ጉንጩን እንደወጠረ። "ያቺ ምንሽር! ወንድሜ ቦርደዴ ላይ ይዟት የነበረችው። እንደሷ ያለ አልያዝኩም፣ አልይዝምም።"

ኩብራ ፔርሙሱን አስቀመጠች።

ቦርደዴ ላይ የሞተው ባሏ ሳቢር ነው። ከብት ውሃ በማጠጣት ተራ ተጣሉና የፋሩቅ ታናሽ ወንድም ተኩሶ ገደለው፤ ገድሎም ጠመንጃውን ቤት ጥሎ ወደ ጅቡቲ ጠፋ። ሽማግሌዎች ጉማ ይዘው፣ የደሙን ካሳ ከብት እየነዱ ሲመጡ ኩብራ፣ "የባሌን ደም በከብት አልሸጥም" አለች። "ያ ጠመንጃ ዓይኔ እያየ ይሰበር። ያኔ እኔም ልጄም አፉ እንላለን።" አንድ ልጅ ነው ያላት። ያ ብረት እስካለ ድረስ አንድ ቀን ወይ ይገድልበታል ወይ ይሞትበታል ብላ ነው። እሺ ተባለ። ፋሩቅ የሚሰበረው ያው ጠመንጃ ነው ብሎ ቁርዓን መትቶ ማለ። ሐጂ መህዲ ዱዓ አደረጉ፤ ቀጥቃጩም ሰደፉን ፈልጦ ብረቱን በድንጋይ ላይ አጎበጠው። እሷም ከሴቶቹ መሃል ሆና አይታ፣ አልቅሳ፣ አፉ ብላ ገባች። ፋሩቅም ከዚያ ወዲህ ቤቷ ይገባል ይወጣል።

"ያቺማ ተሰብራ የለም እንዴ?" አለ የመሰላው እንግዳ።

ሐጂ መህዲ ሳቁ። "የተሰበረው የኔ አሮጌ ጓንዴ ነው! እንደዚያ ያለ ጠመንጃ ይሰበራል? ሴት ምን ታውቃለች፣ ለሷ ብረት ሁሉ አንድ ነው። ምንሽሯን ለሚገባው ሰጠናት። የአባት ደም የልጅ ነው።"

"እኔም ከያዝኩት ሁሉ እሷን ነው የምመርጠው" አለ ቡርሃን። ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት።

ኩብራ መጋረጃውን እንዴት እንደገለጠችው አታውቅም። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። ከእንግዳው በቀር ሁሉም ያውቁ ነበር! ያን ቀን አብረዋት የቆሙት፣ "አይዞሽ፣ አለቀ" ያሏት፣ ሁሉም!

"ሐጂ፣ እርስዎ ዱዓ ያደረጉት በምን ላይ ነው?"

"ተረጋጊ ልጄ። ለቤትሽ ክብር ብለን ነው።"

"ክብር! የባሌን ገዳይ ልጄ ጉያ ውስጥ ደብቃችሁ፣ በላዩ ጫቴን ትቅማላችሁ? አንተ ፋሩቅ፣ ቁርዓን የመታህበት እጅ ይኸው ነው? በዚያው እጅ ነው ሻዬን የምትጠጣው? ውጡ! ሁላችሁም ከቤቴ ውጡ!"

ፋሩቅ ጫማውን ሳያጠልቅ ወጣ። ሐጂ መህዲ "አስተግፊሩላህ" እያሉ ምርኩዛቸውን ፈለጉ። ኩብራ አላቀበለቻቸውም።

"የታለ?" አለች ልጇን።

"እማ፣ ተይ..."

"የታለ አልኩህ!"

ዓይኑ ሳያስበው ወደ አልጋው ሄደ። ፍራሹን ገለበጠችው። በአባቱ ሽርጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል። በሳቢር ሽርጥ! ጠመንጃውን ከነሽርጡ ታቅፋ በሩን በርግዳ ወጣች።

ከአስፋልቱ ማዶ ተስፋዓለም የሚባል ብየዳ ሠራተኛ አለ፤ የመስኮት ፍርግርግ እየቆረጠ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችለት። "ቁረጠው።"

ተስፋዓለም ደንግጦ እጁን ጠረገ። "ኩብራ፣ የማን ነው? ነገ ባለቤቱ ቢመጣብኝስ?"

"ባለቤቱ ይኸውና መጣ።"

ቡርሃን እያለከለከ ደርሶ አፈሙዙን ጨበጠ። "እማ፣ በአላህ! ከአባቴ የቀረኝ ይኸው ነው!"

"ከአባትህ የቀረሁልህ እኔ ነኝ!" ጮኸችበት፤ የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ዞረ። "አንተ ደደብ! ይኼ አባትህ አይደለም፣ አባትህን የበላው ነው! አጥበህ፣ ወልውለህ፣ በሽርጡ ጠቅልለህ ታስተኛዋለህ? የኔን አልጋ አንድ ቀን አንጥፈህልኝ ታውቃለህ? ልቀቀው!"

ተስፋዓለም ጥይት እንደሌለው አየና ቡርሃንን ተመለከተ። "ልቁረጠው?"

ቡርሃን እናቱን አላየም። ዞሮ ያየው አስፋልቱን ነው፤ ሐጂ መህዲና ፋሩቅ ማዶ ቆመው ይጠብቃሉ። ምን ማድረግ እንዳለበት እስኪነግሩት የሚጠብቅ ይመስል ነበር። እነሱ ግን ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

"የባሌ ገዳይ ነው፣ ቁረጥ" አለች ኩብራ፣ የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ ከብረቱ እያላቀቀች።

ተስፋዓለም መነጽሩን አጠለቀ። መቁረጫው ሲጮህ የእሳት ፍንጣሪው የኩብራ ጉልበት ድረስ ደረሰ፤ አልተነቃነቀችም። አፈሙዙ ተቆርጦ መሬት ሲወድቅ ቡርሃን እዚያው ቁጭ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ፣ ሕዝብ ፊት ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።

ኩብራ እጇን ወደ ራሱ ዘረጋች። ከዚያ የሳቢር አስከሬን ከቦርደዴ በመኪና የመጣ ቀን ትዝ አላት። ያን ቀን ይህ ልጅ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ እንዲህ አላለቀሰም።

እጇን ሰበሰበች።

"ቀሪውንም ቁረጠው" አለች ተስፋዓለምን።