አማቴን ስሸሽ የዋልኩበት ቀን

ሰው ሁሉ ያን ቀን ሲያነሳ የሚያመሰግነው አማቴን ነው። እኔም ሚሲዮን ገብቼ ትንሽ ፊደል ቆጥሬያለሁና ድርሻዬን ራሴ እጽፋለሁ።

ነጮቹ በጎቻቸውን እየነዱ ወደ እኛ የካንጋሩ አገር መምጣት የጀመሩ ሰሞን ነው። ፔልሃም የሚባል መሬት ለኪ በፈረስ መጣና ለበግ የሚሆን ደረቅ ቦታ አሳየኝ አለኝ። የመረጠኝ ከዓሣ ነባሪ አዳኞች ጋር ሠርቼ የነጮቹን ቋንቋ ስለምሰባብር ነው። ደረቁ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ከጥቁሩ ድንጋይ ጋራ ሥር፣ አባቶቻችን ድንጋይ ደርድረው እባብ መሳዩን ዓሣ የሚያጠምዱበት ቦይ አጠገብ። በግ ከገባበት ቦዩ ይፈርሳል፤ እኛም እንራባለን። የፔልሃም ጠመንጃ ግን ጀርባዬ ላይ ተደግኗል። መራሁት።

ጋራው ሊታይ ሲል አማቴ ሥር መቆፈሪያ እንጨቷን ይዛ ከሸምበቆው ውስጥ ብቅ አለች። በእኛ ወግ አማትን ማየትም፣ ማነጋገርም፣ ስሟን መጥራትም ነውር ነው። ፊቴን ሸፍኜ ወደ ግራ እጥፍ አልኩ። ፔልሃም ተከተለኝ። ዞረን ስንወጣ እሷው ፊት ለፊት ቆማለች። ወደ ቀኝ ሮጥኩ፤ እዚያም ቀድማኛለች። ጉልበቴን አመመኝ እያለች በሚስቴ በኩል እንጨት የምታስለቅመኝ ሴት እንደ ካንጋሩ ትዘላለች።

ፔልሃም ምን ነካህ ብሎ ጮኸብኝ። አማቴ ናት አልኩት።

«የእኔዋም ክፉ ናት፤ እንዲህ ግን አልሮጥኩላትም» አለ።

በአምስተኛው ዙር አማቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ውሻዋን በቋንቋችን ጮክ ብላ አነጋገረችው። «ውሻዬ፣ ለዚያ ቀውላላ ንገርልኝ። በፀሐይ መውጫ በኩል ይሩጥ፤ እዚያ ጭቃው እስከ ሆድ ነው።»

ያኔ ገባኝ፤ ለካ ከደረቁ ቦታ እያራቀችን ኖሯል። ሳቄ እያነቀኝ በረርኩ። ፈረሱ እስከ ሆዱ ሰመጠ፣ ፔልሃም እስከ ደረቱ፣ ባርኔጣው ላይ ዳክዬ ተቀመጠች። ሲወጣ ወረቀቱ ላይ «ረግረግ ብቻ» ብሎ ጽፎ ሄደ፤ አልተመለሰም።

ማታ ሽማግሌዎቹ ወፍራሙን ዓሣ ለአማቴ ሰጡ፤ ለእኔ ጭራው ደረሰኝ። የሮጥኩት እኮ እኔ ነኝ ብዬ ሚስቴ ላይ አጉረመረምኩ። አማቴ ከመጠለያው ጀርባ ሰማችኝ።

«ውሻዬ፣ ሩጫው ያምር ነበር በለው» አለች። «ግን ሲዞር የዋለ ሆድ ስብ አይችልም።»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። የሳቁትን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። እኔም ስቄያለሁ፣ አልክድም። ጭራው ግን አጥንት ብቻ ነበር።