የሽታሁን አጥንት

ሁለት ፖሊሶች የሽታሁንን አባት ቢያዝንን ከሆስፒታሉ ሕፃናት ክፍል ይዘውት ሲወጡ አልታገለም፤ በሩ ላይ ዞር ብሎ «የልጀን እግር እንዳትነኩበት» ብቻ አለ። ዶክተር ሉሊት ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ሰብሮት ሲያበቃ ለእግሩ ያዘነ መምሰሉ ነው የበለጠ ያናደዳት።

ፖሊስ የጠራችው እሷ ናት። ሽታሁን የአሥር ወር ልጅ ነው። የጭኑ አጥንት ተሰብሯል፤ ራጁ ደግሞ ማንም ያልጠበቀውን ጨምሮ አሳየ፤ ሁለት የጎድን አጥንቶቹ ከዚህ በፊት ተሰብረው እየጠገኑ ነው። ገና የማይድህ ልጅ ከየት ወድቆ ይሰበራል? እናቱ ጥሩአየሁ «ልብስ ስቀይርለት ቀጭ አለብኝ» ከማለት ሌላ ቃል የላትም። አባቱ ሞጣ ገበያ እህል ተሸካሚ ነው፤ አረቄ አረቄ ይሸታል፣ ሲጠይቁትም መሬት መሬቱን ያያል። በዚያ ላይ የልጁ እግር አብጦ ስንት ቀን ከቆየ በኋላ ነው ያመጡት። ሉሊት ሐዋሳ ስትማር «ይህን ካያችሁ ጠርጥሩ» የተባለችው ሁሉ አንድ አልጋ ላይ ተሰብስቦ አገኘችው። መርማሪው ዋና ሳጅን ገላው «እርግጠኛ ነዎት?» ሲላት «መቶ በመቶ» አለችው። በሕክምና መቶ በመቶ የሚባል ነገር እንደሌለ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ግን የተናደደ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ መች ያስታውሳል።

ከምሳ በኋላ ልጁን ረጋ ብላ ልትመረምረው አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ፀሐዩ ፊቱ ላይ ሲያርፍ ጥሩአየሁ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ በነጠላዋ ሸፈነችው። ሉሊት ገለጠችው። እናቲቱ መልሳ ሸፈነችው።

«ምን ሆነሻል? ልየው እንጂ።»

«ዶክተርዬ፣ ፀሐዩ ይቅርበት። አያውቀውም።»

«እንዴት አያውቀውም? ከቤት አይወጣም?»

ጥሩአየሁ መልስ ከመስጠቷ በፊት ነርሷን ሲስተር አገሬን አየቻት። አገሬ የቢቸና ልጅ ናት፤ ሴትዮዋ ምን ልትል እንደሆነ የገባት ትመስላለች። «ንገሪያት» አለቻት በለሆሳስ።

«የፊተኛውን ልጀን ቢቸና ገበያ አዝየው ወጣሁ። ያየው ሁሉ እንዴት ያምራል ሲል ዋለ። ማታውን አተኮሰው፣ በሳምንቱ ቀበርኩት። ይኸን ልጀን ግን ለሰው ዓይን አልሰጠሁትም። ለክርስትናው እንኳ ተሸፋፍኖ ሄዶ ተሸፋፍኖ ነው የተመለሰ። ቤቴም መስኮት የለው።»

ሉሊት ነገሩ ቀስ እያለ ገባት። የልጁን እጅ ያዘች፤ አንጓው ወፍራም ነው። ሸሚዙን ገለጠች፤ ደረቱ ግራና ቀኝ ላይ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ የተደረደሩ እብጠቶች ጣቷን ነኩት። ጭንቅላቱን ከጆሮው ኋላ ጫን ስትለው ሰርጎድ ብሎ ተመለሰ። ጠዋት ከእግሩ በቀር ሌላ ቦታውን አልዳሰሰችም ነበር። እግሩ አብጦ ከቆየባቸው ቀናት የሚበዙት ደግሞ ቢቸና ወጌሻ ጋ ደርሶ በመመለስ ያለቁ መሆናቸውን አሁን ነው ጠይቃ የሰማችው።

የእጁን ራጅ አስነሳች። የአጥንቱ ጫፍ እንዳለቀ መጥረጊያ ተበትኗል። በስልኳ ፎቶ አንስታ አስተማሪዋ ለነበረው ለሕፃናት ሐኪሙ ለዶክተር እዮብ ላከችለት። ወዲያው ደወለ።

«ሪኬትስ ነው» አላት። «ፀሐይ ያላገኘ አጥንት ነው። እንዲህ ከለሰለሰ ልብስ ሲቀየርም ይሰበራል።»

«ስለዚህ አልተመታም ማለት ነው?»

«እሱን አላልኩም። የታመመ ልጅም ይመታል፣ ሉሊት። ራጁ የሚያሳይሽ አጥንቱን ነው፤ የሰውየውን እጅ አያሳይሽም።»

ተመልሳ አገሬን ወደ ሌላ በሽተኛ ላከቻትና ጥሩአየሁን ለብቻዋ ጠየቀቻት። ቢያዝን ይመታል ወይ? ጥሩአየሁ በሩን አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እኔን መቶኛል። አንድ ጊዜ፣ ጠጥቶ። ልጁን ግን ሲያነሳው እንኳ ይፈራል። ይኸን ለፖሊስ ቢነግሩብኝ አይለቁትም። እኔን ስለመታ ልጀን ሰበረ ይላሉ።»

ጠዋት ይህን ብትሰማ ኖሮ ሉሊትም ልክ እንደዚያ ነበር የምትለው። ሰውየው ሽቶ ሽቶ የሚሸት የባንክ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮስ? መጀመሪያ የልጁን እጅ ታይ ነበር፣ ፖሊሱን በኋላ ትጠራ ነበር። አፈረች።

ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ለሳጅን ገላው የራጁን ነገር አስረዳችው። ሳጅኑ እስክትጨርስ በትዕግሥት ሰማትና ብዕሩን አስቀመጠ።

«ዶክተር፣ ጠዋት መቶ በመቶ አሉኝ። አሁን በሽታ ነው ይሉኛል። መታው ወይስ አልመታውም? አንዱን ይበሉኝ።»

«ጠዋት ተሳስቻለሁ። ለመሰበሩ በሽታው ይበቃል። ማንም አልነካውም ብዬ ግን አልምልም፤ አላውቅም።»

«እኔ ታዲያ ሰውየውን ምን ላርገው?»

ሉሊት ይለቀቅ ብትልና ልጁ አንድ ቀን ሬሳው ቢመጣላት፣ ጥፋቱ እድሜ ልኳን የሷ ነው። ይቆይ ብትል ደግሞ የፀሐይ እጦት ባመጣው ስብራት አንድ ምስኪን ታስሮ ሊከርም ነው። ጥሩአየሁ የነገረቻት ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጠችው። ትክክል ያደረገች አልመሰላትም፤ ቢሆንም አንዲት ሴት አምና የነገረቻትን ለሌላ ጥፋት ማስረጃ ልታደርገው አልቻለችም።

«ልቀቁት» አለች። «እናትና ልጁ አጥንቱ እስኪጠና እኔ ጋ ተኝተው ይቆያሉ። እሱም እየመጣ ይጠይቃቸው፤ እኔ ባለሁበት።»

ቢያዝን ሲመሻሽ መጣ። አልተቆጣም፣ አልለመነምም፤ የክፍሉ በር ላይ ቆሞ ቀረ። ሚስቱን ሳይሆን ሉሊትን ነው የጠየቃት።

«ልያዘው?»

ሉሊት እጆቹን አየቻቸው። ጆንያ ያሻከራቸው ሰፋፊ እጆች ናቸው፤ ሌላ ምንም አይናገሩም። ወደ ጥሩአየሁ ዞረች፤ ጥሩአየሁ አልጋው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

«በብብቱ እንዳታነሳው» አለችው ሉሊት። «ደረቱን አትጨብጥ። አንድ እጅህን ከመቀመጫው ሥር፣ አንዱን ከራሱ ሥር አድርግ። በጀሶ የታሰረውን እግር እኔ እደግፍልሃለሁ።»

እንዳለችው አነሳው። ትንፋሹን ይዞ ነበር፤ ልጁ አላለቀሰም። የማታ ተረኛው ሐኪም ገብቶ «አንቺ ሂጂ፣ እኔ አለሁ» አላት። ሉሊት ልጁን ከአባቱ አልተቀበለችም። ቤቷም አልሄደችም። ወንበር ስባ የቢያዝን እጆች በሚታዩዋት በኩል ተቀመጠች።