የመርፌው ፈተና

"ምንም የለብሽም" የሚሉት ሁለት ቃላት ሰው የሚገድሉ ቢሆኑ ኖሮ፣ መጋረጃ ሰፊዋ ድሮ በሞተች ነበር። ደሟ ተመረመረ፣ ምንም የለም። ራጅ ተነሳች፣ ምንም የለም። ጠዋት ግን ሌሊቱን ሲደበድቧት እንዳደሩ ሁሉ ሰውነቷ ዝሎ ትነሳለች፤ ትከሻዋን ሰው ገና ሲነካት ትሳቀቃለች። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ጊዜ ወስዶ አዳመጣትና፣ ፋይብሮማያልጂያ ይባላል፣ በራጅም በደምም አይታይም፣ ግን አለ አላት። ሰፊዋ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀሰች። በሽታዋ ስም ስላገኘ ደስ ብሏት ነው።

ባሏ ስሙን አስተካክሎ ለመጥራት እንኳ አልሞከረም። እሱ እሷ የሰፋችውን መጋረጃ በየሰው ቤት እየዞረ የሚሰቅል ሰው ነው። አንድ ጊዜ ከመሰላል ተንሸራቶ ወገቡን ሲያመው ቤተሰቡ በሙሉ ተሯሯጠለት፤ ትራስ ደግፉት፣ ሾርባ አምጡለት ተባለ። የእሱን ወገብ ማንም በራጅ አሳየን አላለውም። የሚሠሩበት ስፌት ቤት ባለቤት ደግሞ ታላቅ እህቱ ናቸው፤ ሰፊዋ እትዬ ትላቸዋለች። ሐኪሙ ከባድ ነገር አታንሺ ስላላት፣ እትዬ መጋረጃ ከሚተኮስበት ከባድ ካውያ አንስተው መስኮት ሥር ጠርዝ እንድትቀመቅም አስቀምጠዋታል። ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ግን "ንግሥታችን እንዴት አደሩ?" ይሏታል።

ያው ሐኪም ነው አኩፓንቸር የሚሉትን የቻይና መርፌ ሕክምና ወደምትሰጥ አንዲት ሐኪም የላካት። እሷም ከመጀመሪያው ቁርጡን ነገረቻት፤ መርፌው በሽታውን አይነቅለውም፣ ለአንዳንዱ ሰው ያስታግስለታል፣ ለአንዳንዱ ምንም አያደርግለትም፣ እስቲ ሞክረን እንየው። ፀጉር የሚያካክሉ፣ መድኃኒት የሌላቸው መርፌዎች እጇ፣ እግሯና ትከሻዋ ላይ ተሰኩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰፊዋ ሳትገላበጥ ማደር ጀመረች። አንድ ጠዋትም እያንጎራጎረች ፀጉሯን በራሷ እጅ አበጠረች።

ጥፋቷ ይህ ነበር፤ ባሏ አያት። መድኃኒት የሌለው መርፌ የሚያድነው በሽታ፣ በሽታ አልነበረም ብሎ ደመደመ። እትዬም፣ ከተሻለሽ እንግዲህ ወደ ካውያው ተመለሺ፣ መርፌውም ይበቃሻል አሏት። አመመኝ ስትል ያላመኗት ሰዎች፣ ተሻለኝ ስትል ወዲያው አመኗት። እኔ ብሆን ካውያውን እግራቸው ላይ ነበር የማስቀምጠው። እሷ ግን ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ብላ ለመነች። መርፌው ከቀረ እንቅልፏም እንደሚቀር፣ ካውያው ከተመለሰ ክንዷ እንደሚሄድ ታውቃለች።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ባሏ እኔ አደርስሻለሁ አላት። ሆዷ ባባ። ሞኝ ሆና አይደለም፣ ደግ ቃል ስለራባት ነው። እሷ ልብስ ስትቀይር እሱ ሐኪሟን ወደ ጥግ ጠራት።

ሐኪሟ ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ሰክታ ስትጨርስ ነገረቻት።

"ባለቤትዎ፣ ዛሬ መርፌውን ሳታስገቢ ነካ ነካ ብቻ አድርጊያት አሉኝ። እንደዚያም ሆኖ ተሻለኝ ካለች ማስመሰሏ ይታወቃል አሉ። ለእኔ ይተዉት ብዬ ውጭ እንዲጠብቁ ሸኘኋቸው። ከእርስዎ ግን መደበቅ አልችልም።"

ሰፊዋ በጀርባዋ እንደተኛች እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። የሐዘን እንባ አልነበረም፣ የንዴት ነው።

ስፌት ቤቱ ገና ከመግባታቸው ባሏ፣ እህቱ እየሰሙ፣ ዛሬስ እንዴት ነሽ ብሎ ጠየቃት። ቀለል ብሎኛል አለችው። ጉልበቱን እየመታ ሳቀ።

"ሰሙ እትዬ? ዛሬ እኮ አንድም መርፌ አልገባባትም። ሐኪሟን ነግሬያት ነው።"

ሰፊዋ እጇን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ እትዬ አግለው ካቆዩላት ካውያ አጠገብ ዘረጋች። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል ቀይ ነጥብ አለ፤ ዙሪያው መጥቆር ጀምሯል።

"ገብቷል" አለች። "ያልከውንም ነግራኛለች። አንተ ከመሰላል ስትወድቅ ውሸትህን ይሆን ብዬ አልፈተንኩህም። በዚህ በሚያመኝ ክንዴ ነው ወገብህን ሳሽልህ ያደርኩት።"

እትዬ መቀሳቸውን አስቀምጠው ወንድማቸውን አዩት። እሱ ለእሷው ብዬ ነው ብሎ አጉተመተመ። ሰፊዋ አልጮኸችም። ንዴቱ ግን ከአንገቷ ተነስቶ ወደ ትከሻዋ ወረደ፤ ክንዷ እንደ እርጥብ መጋረጃ ከበዳት። መርፌው የሰጣትን የዕለት ፋታ እሱ በአንድ ሳቅ ወሰደባት። የምትቀመቅመውን ጨርቅ ላንሳ ስትል ከእጇ አምልጦ ወደቀ።

ባሏ አየ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

"አመመሽ እንዴ?" አላት፤ መልሱንም ቆሞ ጠበቀ።

ይህችን ጥያቄ ስንት ዓመት ሙሉ ጠብቃታለች።

"ምንም የለብኝም" አለችው። ጨርቁን በግራ እጇ አነሳች፤ የጋለውን ካውያ እሱ ፊት ትታለት መስኮቱ ሥር ወንበሯ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።