ሁለቱን እግርህን

«ቆይ፣ ምላጩን አንሳ! ይቺን ሳላነብልህ አትላጨኝም» አለ ታክሲ ነጂው፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደለበሰ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ። «'ወንድሜ፣ አንብቤህ በራሴ አፈርኩ። ነገ አባቴ ጋ እሄዳለሁ' ትላለች አንዷ አንባቢህ። አየህ? አገር ምድሩን እያስለቀስክ ነው!»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን በፎጣ ጠረገ። አባቱ በሞተ በወሩ ስምንት ገጽ የሙሾ ግጥም ጽፎ ስልክ ላይ ከለቀቀ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ባለቅኔው» ይለው ጀምሯል። እሱም፣ እውነት ለመናገር፣ አልጠላውም፤ አስተያየቱን ሁሉ በቃሉ ይዞታል።

«ከግጥምህ እኔን የገደለችኝ ግን ይቺ ናት» ነጂው ጉሮሮውን ጠረገ፦

«ሁለቱን እግርህን በለብታ ሳጥበው፣
ምርቃትህ ሲወርድ አንጀቴን አራሰው።»

ታናሽ እህቱ በሩ ላይ መቆሟን ያየው በመስታወቱ ነው። አባታቸውን ሁለት ዓመት ያስታመመችው እሷ ናት።

«ነይ ግቢ! እንዲህ ያለ ወንድም ያለሽ፣ ታድለሽ!» አላት ነጂው።

«ልክ ነህ» ብላ ፈገግ አለች። ወንድሟን ወደ መታጠቢያው ጥግ ወስዳ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ልጄ አነበበችልኝ። አልቅሼ አልወጣልኝም። ብቻ ሰው እንዳይስቅብህ ብዬ ነው፤ 'ሁለቱን' የምትለዋን አስተካክላት።»

«ለምን?»

«የአባባ ግራ እግር በስኳሩ ምክንያት ተቆርጦ የለ እንዴ! በስልክ ነግሬህ ነበርኮ።»

ነግራዋለች። ያኔ ደንበኛ ይዞ ነበር፤ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል እንደያዘ «እሺ፣ እሺ፣ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው። አልደወለም፤ አባቱ እስኪሞት ድረስም ሊጠይቀው አልሄደም። ስላላየው አባቱ በልቡ ውስጥ በሁለት እግሩ እንደቆመ ቀረ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

«ማን አጠበው ብለሽ አትጠይቂኝም?»

«ግጥም አይደል? ትንሽ ይጨመርበታል» አለች፣ ቦርሳዋን እያነገተች። «'አንዱን እግርህን' በላት። ቤቱም አይበላሽም፤ ማንም አያውቅብህም።»

ከወጣች በኋላ ስልኩን አነሳ። አንዲት ቃል መለወጥ የደቂቃ ሥራ ነበር። ጣቱ ቃሏ ላይ ቆየና ተዋት። ከምስጋናው ሁሉ ሥር ወርዶ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «አባቴ ሲሞት አንድ እግር ነው የነበረው። ተነግሮኝ ረስቼዋለሁ። ያጠበችው እህቴ ናት፤ እኔ አልነበርኩም።»

«ኧረ ባለቅኔው፣ አረፋው ፊቴ ላይ ደረቀ! ደግሞ ምን እየጻፍክ ነው?»

ላከው።

«አሁን ስልክህ ላይ ይመጣልሃል» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «እንደ ቅድሙ ጮክ ብለህ አንብበው።»