በሊፍት በር የተሰማ ሐሜት

ሰውየው ሊፍት ጠጋኝ ነው። የሚያውቁት ሁሉ ግን «ቅመሱ» ነው የሚሉት፤ ምክንያቱም ሰው ሲያገኝ ከሰላምታ ቀጥሎ ከአፉ የምትወጣው ቃል እሷው ናት። ከባንኩ ጀርባ ያለችውን ሾርባ ቤት ቅመሱ፣ ጥግ ላይ ያለውን ዓሣ ጠባሽ ቅመሱ፣ አዲስ የተከፈተውን ዳቦ ቤት ሳይቀዘቅዝ ቅመሱ። ጤንነትህን ሳይጠይቅ ምሳህን የሚጠይቅ ሰው ነበር።

ሥራውም ለዚሁ አመሉ የተመቸ ነው። የከተማውን ሕንፃዎች ከምድር ቤት እስከ ጣራ ያውቃቸዋል። ሽታ ደግሞ በሊፍቱ ጉድጓድ ሽቅብ ስለሚወጣ፣ የትኛው ፎቅ ላይ ሽንኩርት እንዳረረ፣ የትኛው ቤት ዘይቱን ሳይቀይር እንደሚጠብስ አፍንጫው ይነግረዋል። ምላሱም ቢሆን የዋዛ አልነበረም። አንዲት ማንኪያ አፉ ውስጥ አገላብጦ፣ «አብሳዩ ዛሬ ተጣልቶ ነው የመጣው፤ ሽንኩርቱን በንዴት ነው የከተፈው» ይላል። አስተናጋጁ ሊስቅበት ወደ ጓዳ ገብቶ ሲጠይቅ፣ እውነትም አብሳዩ ጠዋት ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ ይገኛል።

ችግሩ የሚጀምረው ማታ ቤቱ ሲገባ ነው። ቀን የቀመሰውን ማታ ራሱ ካልሠራው እንቅልፍ አይወስደውም። ምላሱ የተሰጠው ጸጋ ግን እጁ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል። ያየውን እንዳለ ቢሠራው እንኳ ባልከፋ፤ እሱ ግን ያሻሽላል። የዓሣ ሾርባ ይጀምርና መሐል ላይ ቀረፋ ትዝ ይለዋል። ሩዝ ይጥድና የብርቱካን ልጣጭ ይከትበታል። እንቁላል በማር የጠበሰበት ቀን አለ፤ የዚያን ቀን ነገር ግን በቤቱ ውስጥ ማንም አያነሣም።

ታዲያ ለምን አይነግሩትም? ጥፋቱ የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት፤ ክፍል ውስጥ ውሸት አትወድም። በተጋቡ ሰሞን ግን፣ ያበሰለላትን የመጀመሪያ ራት ዓይኗን ጨፍና ዋጠችና «እንዴት ይጣፍጣል» አለችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደኋላ መመለሻ አልነበራትም። ቆይተው እናቷ አብረዋቸው ሊኖሩ መጡ፤ እሳቸውም እንግዳ ነኝ ብለው አመሰገኑ፣ እንግድነታቸው ሲያልቅም ምስጋናው ልማድ ሆኖ ቀረ። ልጃቸው ደግሞ ምግብ ማለት ይኸው ነው ብላ ነው ያደገችው። አንድ ቀን ጓደኛዋ ቤት ተራ የድንች ቅቅል በጨው ቢሰጧት፣ ሁለት ጊዜ ጎርሳ እንባዋ መጣ። የጓደኛዋ እናት ተቃጥላ መስሏቸው ውሃ ይዘው ሮጡ።

ቅመሱ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም። ቤተሰቦቹ ሁለት ማንኪያ በልተው «ጠገብን» ሲሉ አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል። ለሥራ ጓደኞቹም ጥሩ ምግብ ቶሎ እንደሚያጠግብ፣ የእሱ ቤት ሰዎች ለዚህ ምስክር እንደሆኑ ደጋግሞ ያስረዳቸዋል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ልብሱን ቀይሮ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ሕንፃ ውስጥ ሊፍት ሰው ይዞ ቆሟል ተብሎ ተጠራ። በባለቤቱ የእጅ ስልክ ደውሎ እንደሚያመሽ ተናገረ፤ ጠዋት በዘቢብና በቅርንፉድ ያዘጋጀውን ምስር አሙቀው እንዲበሉ አደራ አለ። ድምፅዋ ቶሎ ቶሎ የሚል፣ ከበስተኋላዋም የሚያስተጋባ ነበር። እሱን ሳትጠብቅ መብላቱ ከብዷት ሆድ የባሳት መሰለውና አዘነላት።

ሕንፃው ሁለተኛ ፎቅ ላይ እሱ ገና ያልቀመሳት አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አለች። ሊፍቱ ከእሷው በር ፊት ለፊት፣ ከወለሉ በጉልበት ያህል ዝቅ ብሎ ተገትሯል። ቅመሱ የመሣሪያ ሣጥኑን አስቀምጦ፣ ከበሩ አጠገብ ያለውን የመቆጣጠሪያ ሣጥን ከፈተና በብረቱ በር በኩል ተጣራ።

«አይዟችሁ፤ አየር እንደልብ ነው፣ ሊፍቱም አይወድቅም። ስንት ናችሁ?»

መጀመሪያ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ አንድ የቁንጥጫ የሚመስል ነገር፣ ቀጥሎም «ውይ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት፣ በርሜል ውስጥ ሆኖ እንደሚናገር ሰው በታፈነ ድምፅ መለሱለት።

«ሦስት ነን ልጄ። ሁለቱ ግን ድንገት ዲዳ ሆነዋል።»

ሰው ሲደነግጥ አፉ እንደሚያዝ ቅመሱ በሥራው አይቷል። ሊፍት ውስጥ የተያዘ ሰው ለማረጋጋት ደግሞ የራሱ ዘዴ ነበረው፤ ስለ ምግብ ያስወራቸዋል። የበሩን መቆለፊያ እየፈታ፣ ከየት እየመጡ እንደሆነ አሮጊቷን ጠየቃቸው። ከምግብ ቤቱ መሆኑን ሲሰማ ጆሮው ቆመ፤ ምን እንደበሉም ጠየቀ።

«ዶሮ ከድንች ጋር» አሉ አሮጊቷ፤ ድምፃቸው ገና ሲያስቡት ለሰለሰ። «ዶሮው ዶሮ ዶሮ ይላል። ድንቹ ድንች ድንች ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ቤቴ ከበላሁ ስንት ዘመኔ።»

«ቤትዎ ዶሮ አይሠራም እንዴ እማማ?»

«መሠራቱንስ ይሠራል። ከተሠራ በኋላ ግን ከመሞቱ በፊት ምን እንደነበረ የሚያውቅ የለም።»

ቅመሱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። አብሳይዋ ማን እንደሆነች ሲጠይቃቸው፣ አብሳይዋ ሳትሆን አብሳዩ እንደሆነ፣ እሱም የልጃቸው ባል እንደሆነ ነገሩት። አማች ሆኖ የሚያበስል ሰው መመረቅ አለበት ብሎ ሊከራከራቸው ሞከረ።

«ልቡማ ወርቅ ነው» አሉ አሮጊቷ። «ወርቅ ግን አይበላም።»

ከውስጥ ግብግብ ተሰማ። አንዷ «እማዬ፣ እማዬ» እያለች ታንሾካሹካለች፤ ሌላዋ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም። አሮጊቷ ግን ጆሯቸው ቃል እንጂ ድምፅ የማይለይ ኖሮ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ አዳማጭ ካገኙ ምን በወጣቸው ዝም ይላሉ። ባለፈው አማቻቸው ዓሣ ገዝቶ መጥቶ፣ ሽቶ አርከፍክፎበት፣ ዓሣው ሠርግ የሚሄድ መስሎ እንደቀረበላቸው አጫወቱት።

ቅመሱ በዓሣው ፈንታ ተናደደ። እሱ ራሱ በዚያው ሰሞን ዓሣ በብርቱካን አበባ ውሃ ሠርቷል፤ ግን የብርቱካን አበባ ውሃ ሌላ፣ ሽቶ ሌላ።

«ዓሣን ሽቶ?» አለ፤ መፍቻውን በአየር ላይ እያወዛወዘ። «እንዲህ ያለ ሰው እሳት አጠገብ መድረስ የለበትም። እኔ ብሆን ምድጃውን ከነመሠረቱ እነቅልበት ነበር። ለምን ፊት ለፊት አትነግሩትም?»

«እንዴት ብለን? ያንን ኪሱ የተቃጠለ ባለአበባ ሽርጥ አገልድሞ፣ ጭልፋውን ይዞ ቆሞ ዓይን ዓይናችንን እያየ፣ ‹እ? ቅመሱ እስቲ! እ?› ይለናል። ማን ጨክኖ ይነግረዋል?»

የቅመሱ እጅ ባለበት ቆመ። በዚህ ከተማ ባለአበባ ሽርጥ ብዙ ነው። ኪሱ የተቃጠለም አይጠፋም። ኪሱ ተቃጥሎ «ቅመሱ እስቲ» የሚል ግን አንድ ብቻ እንደሆነ ልቡ ያውቃል። ሁለት ማንኪያ በልተው «ጠገብን» ያሉባቸው ምሽቶች ሁሉ ተሰልፈው መጡበት። እንቁላሉ በማር ሳይቀር መጣ።

በሩን ሊከፍት ይችል ነበር፤ መቆለፊያው ተፈቷል። ግን ነገሩን እስከ መጨረሻው መስማት ፈለገ። ጉሮሮውን ጠርጎ ድምፁን አጎረነነ።

«ሚስቱስ? ሚስቱ ምን ትላለች?»

«ሚስቱማ ይኸው አጠገቤ ቆማ ክንዴን በቁንጥጫ ትመለምለዋለች። ራሷን ጠይቃት።»

ከዚያ፣ ክፍል ውስጥ ስለ ወንዞች እንደምታስተምረው ጥርት ባለ ድምፅ፣ ባለቤቱ መለሰችለት።

«ሚስቱ ትወደዋለች። ምግቡን ግን አትወደውም። ከመጀመሪያዋ ጉርሻ ጀምሮ ወዳው አታውቅም።»

«አባዬ፣ እኔም ዲዳ አልሆንኩም» አለች ልጁ። «ደንግጬ ነው።»

«አባዬ?» አሉ አሮጊቷ። «የማን አባት?»

ቅመሱ በሩን ከፈተው። እነሱ ከታች ሽቅብ፣ እሱ ከላይ ቁልቁል ተያዩ። ልጁ የተረፈውን ዶሮ በከረጢት ደረቷ ላይ አቅፋለች። የባለቤቱ አገጭ ላይ ቅባት ያብረቀርቃል። አማቱ ደግሞ ከጥጋብ ብዛት ጀርባቸውን የቁልፎቹ ሰሌዳ ላይ አስደግፈው፣ የማቆሚያዋን ቀይ ቁልፍ ተጭነው ቆመዋል። ማሽኑ ምንም ብልሽት አልነበረበትም።

አንድ በአንድ እየጎተተ አወጣቸው። አማቱን ከታች ልጁ እየገፋች፣ ከላይ እሱ እየሳበ ሲያነሷቸው፣ ሆዳቸው ሙሉ ስለሆነ ቀስ እንዲል አሳሰቡት። ሁሉም ወጥተው ሲያበቁ መሣሪያ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለ። ምስሩ የት እንደደረሰ ጠየቀ። ባለቤቱ እንዳለ መቀመጡን ነገረችው። ልጁም የጎረቤት ውሻ መጥቶ እንደነበር ጀመረችና አቋረጠች።

«ውሻው ምን አለ?» አላት።

«አሽትቶ ሄደ። ጅራቱን እንኳ አልቆላም።»

አማቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉለት። ማፈርስ አላፈሩም፤ ለማፈር ዕድሜያቸው አልፏል።

«ስማኝ ልጄ» አሉት። «መጥፎ ሰው ብትሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ነበር የምንነግርህ። ይህን ሁሉ ጊዜ የዋጥነው አንተን ብለን ነው።»

ቅመሱ ይህን ቢያላምጠው መራራም ጣፋጭም ሆነበት። ሊቆጣ ፈለገ፤ ግን ከምግብ ቤቱ በር የሚመጣው የዶሮ ሽታ ንዴቱን እያሳሳው ሄደ። ተነሣና ገባ፤ እነሱም ተከተሉት። አስተናጋጇ ሦስቱን ስታይ፣ አንድ ነገር ረስተው የተመለሱ መስሏት ጃንጥላ ፈለገች፤ ከዚያም ሳትደብቅ «ይኸው የወትሮው ጠረጴዛቸው» ብላ ለቅመሱ በእጇ አሳየችው። «ወትሮ» የምትለው ቃል ልቡን ጠቅ አደረገችው፤ አለፋት።

ዶሮው መጣ። አንድ ጉርሻ ወስዶ አገላበጠው፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ዋጠ። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ያዩታል።

«ጥሩ ነው» አለ። «በጣም ጥሩ ነው። ብቻ ትንሽ ዝንጅብል ቢገባ…»

«አይገባም!» አሉት ሦስቱም ባንድ አፍ። አስተናጋጇ ሳትቀር አራተኛ ሆነች።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ውል ገቡ። ውጭ ሲበሉ ቤቱን የሚመርጠው እሱ ይሆናል፤ በምላሱ ማንም አልተጠራጠረም። ቤት ሲያበስል ደግሞ የቀመሰውን እንደቀመሰው ይሠራል፤ ማሻሻል የሚባል ነገር ቀርቷል። የቅመሙን ቁም ሣጥን አማቱ ተረከቡ። ቤት እንደገቡም ጣሳዎቹን ሁሉ ሰብስበው አልጋቸው ሥር ከተቷቸው፤ ክፍላቸው ለሰሞኑ የቅመም ሱቅ ሸተተ፣ እሳቸውም ሲያስነጥሱ ሰነበቱ።

ቅዳሜ ቅመሱ የድንች ሾርባ ጣደ። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጨው፤ ሌላ የለም። ሲያማስል እጁ አሥር ጊዜ ወደ ባዶው መደርደሪያ ሄዶ አሥር ጊዜ ተመለሰ። ላብ አሰመጠው። አንዴ መስኮቱ ላይ ያለችውን የአበባ ተክል ቅጠሏን ተመኝቶ ሲያያት ልጁ ደርሳ ተክሏን አንሥታ ወሰደችበት።

ሲያቀርብ እንደወትሮው ጭልፋውን ይዞ ቆመ። ቀድሞ ገና ሳይውጡ ነበር የሚያደንቁት፤ ዛሬ ግን አንገታቸውን እንደደፉ ናቸው፤ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። በቃ፣ ምንም ካልገባበት ምን ሊጣፍጥ ኖሯል ብሎ ተስፋ ቆረጠ፤ ጭልፋውን አስቀምጦ ሽርጡን ሊፈታ እጁን ወደ ኋላ ላከ።

ልጁ ሳህኗን ገፋችለት።

«አለ?»

«ምን አለ?»

«ጭማሪ።»

ይህ ቃል በዚያ ቤት ተነግሮ አያውቅምና ቅመሱ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ጭልፋውን ፈልጎ አጣው፤ እፊቱ ነበር። ለልጁ ጨመረላት። ባለቤቱ ምንም ሳትል ሳህኗን ዘረጋች። አማቱ ልመና አያውቁም፤ ድስቱን ራሳቸው ጎተቱና ዘቀዘቁት።

ለአብሳዩ ጠብታ አልተረፈለትም። ዳቦ ቆረሰና ከድስቱ ግድግዳ ላይ የቀረውን እየጠረገ፣ ቆሞ በላ። እውነትም ድንቹ ድንች ድንች ይል ነበር።

«ነገስ ምን ትሠራለህ?» አለችው ባለቤቱ። ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ጠይቃዋለች፤ ፈርታ ነበር የምትጠይቀው። ዛሬ ግን ማንኪያዋን እየላሰች ነው።

ቅመሱ ዳቦውን ውጦ «ካሮት» አለ።

«ካሮት በምን?» አሉ አማቱ፤ ከወንበራቸው ከፊል ተነሥተው።

«በካሮት።»

አማቱ ተመልሰው ተቀመጡ።